አርባኛው ደቂቃ ላይ ሳይደርሱ መፍረድ

ጎንደር ውስጥ ጌም ሲባል ቀድሞ የሚመጣው ኳስ ነው። ፒያሳም ይሁን አዘዞ፣ ፕሌይስቴሽን ቤት የገባ ሰው ስክሪኑ ላይ የሚያየው ሜዳና ማሊያ ነው። የስትራቴጂ ጌም ወዳጆች ያሉት ሌላ ቦታ ነው። በየዶርሙና በየቤቱ ላፕቶፕ ላይ አቀርቅረው ይጫወታሉ። ብዙ አይደሉም፤ ክርክራቸው ግን የጦፈ ነው። ከሚከራከሩባቸው ነገሮች አንዱ በሺህ የሚቆጠር ጦር የሚሰለፍባቸው ግዙፎቹ ጌሞች ናቸው፦ ሱፕሪም ኮማንደር፣ ተከታዩ ፎርጅድ አሊያንስ፣ አሁን አሁን ደግሞ ቢዮንድ ኦል ሪዝን።

አንዱ ወገን እነዚህን ከቀመሰ በኋላ ሌላ የስትራቴጂ ጌም አይጥመውም። ሌላው ወገን ይንቀራፈፋል፣ ይሰለቻል፣ የታዘዘ ጦር እስኪነቃነቅ ሻይ ይጠጣል ብሎ ከላፕቶፑ አጥፍቶታል። የሚያወሩት ስለ አንድ ጌም ነው። የተጫወቱት ግን አንድ ዓይነት ጌም አይደለም። በእነዚህ ጌሞች ላይ ከሚሰነዘረው ወቀሳ ሰፊው ክፍል ስለ ጌሙ ሳይሆን ስለ ተጫዋቹ ፕሮሰሰር (ኮምፒውተሩ ውስጥ ስሌት ስለሚሠራው ክፍል) የሚናገር ነው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስን ያልነካ የስትራቴጂ ተጫዋች እዚህ ማግኘት ይከብዳል። ሁለተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2015 አፍሪካን ኪንግደምስ የተባለ ተጨማሪ ሲወጣለት ኢትዮጵያውያንም ገብተውበታል። ሾተል የያዙ ተዋጊዎች አሏቸው፣ የዮዲት ዘመቻም አለ። የእኛ ሰው ይህን ጌም በልዩ ፍቅር ቢያየው አይገርምም። እዚያ ላይ አንድ ተጫዋች በተለመደው አጨዋወት እስከ 200 ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፤ ገበሬውም ወታደሩም ተደምሮ። ስምንት ተጫዋች ቢሞላ 1600 ነው።

ሱፕሪም ኮማንደር ላይ የአንዱ ተጫዋች ጣሪያ ብቻ እስከ 1000 ሊደርስ ይችላል። በስምንት አባዙት። ትልቁ ማፕ፣ ማለትም የጦር ሜዳው፣ ደግሞ በጌሙ አለካክ በየጎኑ 81 ኪሎ ሜትር ነው። ከጎንደር ተነስቶ ጎርጎራ ጣና ዳር ከሚያደርሰው መንገድ ይረዝማል። አንድ ታንክ ይህን ሁሉ መሬት በራሱ ሰንሰለት እየተንከባለለ ያቋርጣል። መጥበብ የሚባል ነገር የለበትም።

ሐሳቡ የመጣው ከቶታል አናይሌሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ኬቭዶግ ያወጣው፣ ክሪስ ቴይለር ዲዛይን ያደረገው ጌም ነው። ቴይለር ከአሥር ዓመት በኋላ ጋዝ ፓወርድ ጌምስ በተባለው የራሱ ስቱዲዮ ሱፕሪም ኮማንደርን ሠራ። የካቲት 2007 እ.ኤ.አ. ወጣ። ፎርጅድ አሊያንስ እዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ተከተለ። ሁለቱ ጌሞች የሚጋሩት አንድ ባሕርይ አለ፤ ለክርክራችን ወሳኙ እሱ ነው። በብዙ የስትራቴጂ ጌም አንድ ወታደር ሲተኩስ ኮምፒውተሩ የጉዳቱን መጠን ከጠላት ሕይወት ላይ ይቀንሳል፤ አለቀ። እነዚህ ላይ ግን ጥይቱ ራሱ በአየር ላይ የሚሄድ ዕቃ ነው። ተራራ ሊያግደው ይችላል። የታለመበት ታንክ ቢታጠፍ ሊስተው ይችላል። መንገድ ላይ የገባ ሌላ አውሮፕላን ሊመታ ይችላል።

ይህ ውበት ነው። በስሌት ግን ይከፈልበታል። ሱፕሪም ኮማንደር ጦርነቱን በሰከንድ አሥር ጊዜ ያሰላል። በየዙሩ እያንዳንዱ ታንክ የት እንዳለ፣ በየት በኩል እንደሚሄድ፣ ማንን እንደሚያይ፣ ማን ላይ እንደሚተኩስ ይወሰናል። በዚያ ላይ በአየር ላይ ያለው ጥይት ሁሉ አለ። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ሃምሳ ታንክ ነው ያለው፤ ማንኛውም ላፕቶፕ ይችለዋል። አርባኛው ደቂቃ ላይ ሦስትና አራት ሺህ ሲሆን ነገሩ ይቀየራል። ኮምፒውተሩ አሥሩን ዙር በአንድ ሰከንድ ማድረስ ሲያቅተው የጌሙ ሰዓት ራሱ ይዘገያል። የጌሙ አንድ ሰከንድ የእኛን ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ይወስዳል።

እዚህ ጋ ከተማችን ውስጥ በተደጋጋሚ የምሰማውን ምክር ማረም እፈልጋለሁ። ጌም ላግ አደረገ (ተጎተተ) ሲባል ወዲያው የሚመከረው ግራፊክስ ካርድ መግዛት ወይም የስዕሉን ጥራት ዝቅ ማድረግ ነው። ለኳስ ጌም ሊሠራ ይችላል። ለሱፕሪም ኮማንደር መጨረሻ ክፍል ግን አይሠራም። ስዕሉ እዚህ ችግር አይደለም። ማውሱ ልስልስ ብሎ ይሄዳል፣ ካሜራው ያለችግር ዙም ያደርጋል፤ የሚጎተተው ጦሩ ነው። ስሌቱን የሚሸከመው ፕሮሰሰሩ ነው። ያውም ጌሙ የተሠራው በ2007 ስለሆነ የጦርነቱ ስሌት በአመዛኙ የሚሮጠው በአንዱ ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካሉት የስሌት ክፍሎች በአንዱ) ላይ ነው። አራት ኮር ያለው ላፕቶፕ ቢኖራችሁ ሦስቱ ቁጭ ብለው አንዱ ይቃጠላል። ስለዚህ ለዚህ ጌም ላፕቶፕ የሚመርጥ ሰው የኮር ብዛት አይቁጠር። የአንዱን ኮር ፍጥነት ይጠይቅ። ቻርጀሩን ሲነቅሉት ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን የሚቀንስ ላፕቶፕም ብዙ ነው። መብራት በጠፋበት ማታ በባትሪ የተጫወተና መብራት እያለ የተጫወተ ሰው በአንድ ማሽን ላይ ሁለት የተለያየ ጌም ያያሉ።

ኦንላይን ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ የሰው ጉዳይ ይሆናል። በኔትወርኩ የሚያልፈው ጦሩ አይደለም፤ ትእዛዙ ነው። እነዚህ ታንኮች ወደዚያ ይሂዱ የሚለው ትእዛዝ ለሁሉም ይደርሳል። ከዚያ የእያንዳንዱ ተጫዋች ኮምፒውተር ጦርነቱን በሙሉ ለራሱ ያሰላል። ስምንት ሰው ከተጫወተ አንድ ጦርነት ስምንት ቦታ ይሰላል፤ ውጤቱም በስምንቱም ቦታ አንድ መሆን አለበት። ስለዚህ ማንም ማንንም ጥሎ መሄድ አይችልም። ሊማሊሞን በሚወጣ የመኪና ሰልፍ ፍጥነቱን የሚወስነው ከፊት ያለው፣ አፍ እስከ ገደፉ የጫነው ኤፍ ኤስ አር ነው። ከኋላ ያለው ምንም መኪና ይሁን፣ ጠብቆ ይወጣል። እዚህም የደካማው ፕሮሰሰር ፍጥነት የሁሉም ፍጥነት ይሆናል።

ይህ አሠራር በጎ ጎኑ ለእኛ ትልቅ ነው። ትእዛዝ ብቻ ስለሚላክ የሚበላው ዳታ ትንሽ ነው። የመጀመሪያው ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ በዚሁ ዘዴ በ28.8 ኪሎ ቢት የስልክ ሞደም እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው። ደካማ ፓኬጅ ላይ ያለ ሰው ቪዲዮ ማየት ሲያቅተው ሺህ ታንክ ሊያዋጋ ይችላል። የሚያስቸግረው የመስመሩ መቆራረጥና መዘግየት ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ለወራት ሲቆይ ደግሞ ይህም አልነበረም። ያኔ የነበረው ምርጫ ከኮምፒውተሩ ጋር ብቻ መጫወት ነው። ብዙ የጎንደር ተጫዋች ስለእነዚህ ጌሞች ያለው ሐሳብ የተቀረጸው በዚህ ብቸኛ አጨዋወት ነው። ኮምፒውተሩ የሚመራው ጦር ደግሞ አያርፍም። ያመርታል፣ ይልካል፣ እንደገና ያመርታል። እሱም በዚያችው ፕሮሰሰር ላይ ነው የሚታሰበው።

ሌላም አለ። ከኢትዮጵያ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ ጌም መግዛት ቀላል ስላልሆነ ብዙ ሰው ጌሙን የሚያገኘው በፍላሽ ከጓደኛ ነው። በፍላሽ የሚዞረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ድሮ የወጣው፣ ከዚያ ወዲህ ያልታረመው ቅጂ ነው። በሌላ በኩል ዛሬ ዓለም ላይ ፎርጅድ አሊያንስን በፍቅር የሚያወራው ሰው በብዛት የሚጫወተው ፎርጅድ አሊያንስ ፎርኤቨር በተባለው መድረክ ነው። ይፋዊው የኦንላይን አገልግሎት ሲዘጋ ተጫዋቾች ራሳቸው የመሠረቱት ነው። በፈቃደኞች ጉልበት ለዓመታት ሲታረም፣ ሚዛኑ ሲስተካከል፣ ስሌቱ ሲቀል ቆይቷል። እዚያ ለመግባት ጌሙን በሕጋዊ መንገድ መግዛታችሁን ማሳየት አለባችሁ። ስለዚህ የእኛ ልጅ የሚወቅሰው ስህተት ሌላ ቦታ ከታረመ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሰዎች ሲከራከሩ ስለ ሁለት ቅጂ ነው የሚከራከሩት።

መድረኩ ላይ የተገኘም ቢሆን ሌላ በር ይጠብቀዋል። ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት በሚሰበሰቡበት ክፍል ውስጥ የእያንዳንዱ ሰው ፕሮሰሰር ተፈትኖ ነጥቡ ለሁሉም ይታያል። ነጥቡ መጥፎ የሆነውን ሰው ጨዋታውን የከፈተው ተጫዋች ሊያስወጣው ይችላል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ አንድ ሰው ሰባቱን እንዲያስጠብቅ ማንም አይፈልግም። ግን ውጤቱን ተመልከቱ። ስለ ጌሙ ጎልቶ የሚሰማው አስተያየት ጥሩ ማሽን ያለው ሰው አስተያየት ብቻ ይሆናል። ማሽኑ ደካማ የሆነው ሰው ገና በሩ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ ጌሙ አይረባም ብሎ ይወጣል። ሁለቱም የየራሳቸውን እውነት ነው የሚናገሩት። ይህ ያሳዝነኛል። እዚህ የማውቃቸው ተጫዋቾች ማፕ አንብበው የጠላትን ሐሳብ ቀድመው የሚያውቁ ልጆች ናቸው። የሚለያቸው ችሎታ አይደለም።

ሰሪዎቹ ይህን ቅሬታ ሰምተው ያውቃሉ። ምላሻቸው ሱፕሪም ኮማንደር 2 ነበር፤ መጋቢት 2010 እ.ኤ.አ. በስኩዌር ኤኒክስ አሳታሚነት ወጣ። ማፖቹ አነሱ። ጌሙ ደከም ባለ ማሽንም፣ በኤክስቦክስ 360ም እንዲሄድ ተደረገ። ኢኮኖሚውም ተቀየረ። በፊት ግንባታ ከጀመራችሁ ብረትና ኃይሉ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው፤ አሁን ግን ዋጋውን ቀድሞ መክፈል መጣ። በላፕቶፕ የሚጫወት ሰው በርግጥ ቀለለው። ነባሩ ተጫዋች ግን ተቆጣ። የወደደው ነገር ስፋቱና ያ የሚፈስ ኢኮኖሚ ነበር፤ ሁለቱም ተነኩ። እኔ ከነባሮቹ ጋር ነኝ። ይንቀራፈፋል ያለው ሰው የጠየቀው ስሌቱ እንዲፈጥን ነው። ጌሙ እንዲያንስ አልጠየቀም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ፕላኔተሪ አናይሌሽን ሌላ መፍትሔ ሞክሯል። ስሌቱን ከተጫዋቹ አንስቶ ወደ ሰርቨር፣ ማለትም ወደ አንድ ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ ወሰደው። ደካማው ማሽን ሌሎችን ማስጠበቁ ቀረ። ግን አሁን በኔትወርኩ የሚያልፈው ትእዛዝ ብቻ መሆኑ ቀረና ጥሩ መስመር የግድ ሆነ። ሲወጣም ያለ ኢንተርኔት መጫወት አይቻልም መባሉ ብዙ አስወቅሶታል። ለጎንደር ይህ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

እስካሁን ጌሞቹን ስከላከል ቆየሁ። ማሽኑ ተስተካክሎም የማይጠፋ ወቀሳ ግን አለ፤ እሱ በትክክል የጌሙ ነው።

አንደኛው ኢኮኖሚው ነው። ብረትና ኃይል በየሰከንዱ ይገባል፣ በየሰከንዱ ይወጣል። ወጪው ከገቢው ሲበልጥ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ይቀዘቅዛል፤ ፋብሪካውም ግንባታውም። ኃይል ሲያልቅ ደግሞ የብረት ማውጫው ራሱ ይደክማል፣ መከላከያ ጋሻው ይወድቃል። ጀማሪ ይህን አያውቅም። አሥር ነገር ባንዴ ያዛል፤ ሁሉም ይቆማል፤ ጌሙ ስታክ አደረገ ይላል። ጌሙም ለምን እንደቆመ በቅጡ አያስረዳውም። ከላይ ሁለት ቀለም ያለው መስመር ብልጭ ድርግም ይላል፤ በቃ። ትልቅ ጉድለት ነው። የማሽን መዘግየትና የኢኮኖሚ መዘግየት ላየው ሰው አንድ ስለሚመስሉ ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ታንኮቹ በደህና እየሄዱ ግንባታው ብቻ ከቆመ ኢኮኖሚው ነው። ሁሉም እኩል ከተጎተተ ፕሮሰሰሩ ነው።

ሁለተኛው እይታው ነው። ሱፕሪም ኮማንደር ካሜራውን ከአንድ ታንክ አናት አንስቶ ማፑ በሙሉ እስኪታይ ድረስ ወደ ላይ ይወስዳል። ወደ ላይ ሲወጣ ታንኩ ትንሽ ምልክት ይሆናል። ለአዛዥ ይህ ግሩም ነገር ነው። ግን ብዙው ጨዋታ የሚያልፈው ሦስት ማዕዘንና አራት ማዕዘን ሲያዩ ነው። ግዙፉ ሸረሪት መሰል ሮቦት ሞንኪሎርድ ደን እየሰበረ ሲሄድ ወርዶ ለማየት ጊዜ የለም። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ላይ ፈረሰኛው ዓይኑ ሥር ሲሞት ያየ ሰው እዚህ ልቡ አይነካም ቢል እውነቱን ነው። ማሽን አይፈታውም።

ሦስተኛው ሰዉ ነው። ቢዮንድ ኦል ሪዝን ላይ ብዙ የሚወደደው ጨዋታ ስምንት ለስምንት ነው። እያንዳንዱ ሰው የሚይዘው የታወቀ ቦታ አለ። አዲስ ሰው ቦታውን ካላወቀ ቡድኑ ይሸነፋል፤ ስድቡም ይከተላል። ከዚያ በኋላ ተመልሶ የማይገባውን ሰው ልወቅሰው አልችልም።

ያም ሆኖ ለጎንደር ተጫዋች አሁን ያለው ተስፋ ያለው ቢዮንድ ኦል ሪዝን ላይ ይመስለኛል። ነፃ ነው፤ ካርድም ዶላርም አይጠይቅም። በዊንዶውስም በሊነክስም ይሠራል። መሠረቱ ስፕሪንግ የተባለ ሞተር (ጌሙን ከሥር የሚያንቀሳቅስ ሶፍትዌር) ነው፤ ስፕሪንግ ሲጀመር የቶታል አናይሌሽንን ጨዋታዎች በሦስት ገጽታ መልሶ ለማሳየት ብቻ የታሰበ የተጫዋቾች ሥራ ነበር። ዛሬ ሪኮይል በሚል ስም ቀጥሎ ሥራን በብዙ ኮሮች ላይ በማከፋፈል ከ2007ቱ ጌም በጣም ይሻላል። ኮዱም ክፍት ነው። ማራኪ ወይም ቴዎድሮስ ግቢ ያለ የኮምፒውተር ተማሪ ይህ ጦር ለምን ቆመ ብሎ ገብቶ ማንበብ ይችላል። የሱፕሪም ኮማንደር የሞተሩ ኮድ ግን ዝግ ነው። ይህንን ማንም ይነካዋል።

ለመጀመር የሚፈልግ ሰው በትልቁ ማፕ አይጀምር። ሱፕሪም ኮማንደር ከሆነ የ10 ኪሎ ሜትሩን ማፕ ይውሰድ፣ የጦሩን ጣሪያ 500 ያድርግ፣ የኮምፒውተር ተቃዋሚ አንድ ብቻ ያስገባ። ዶርም ውስጥ ሁለት ሦስት ላፕቶፕ ካለ በኬብል ወይም በአንድ ራውተር አገናኝቶ መጫወት ይቻላል፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ከሁሉም ደካማው ላፕቶፕ የትኛው እንደሆነ ቀድሞ ማወቅና ማፑን በእሱ ልክ መምረጥ ነው።

ክርክሩ ከቀጠለ ደግሞ የሚዳኝበት መንገድ አለ። እነዚህ ጌሞች እያንዳንዱን ጨዋታ በሪፕሌይ ፋይል ያስቀምጣሉ። ፋይሉ ቪዲዮ አይደለም፤ የተሰጡትን ትእዛዞች ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ትንሽ ነው፤ በደካማ መስመርም በቴሌግራም ይሄዳል። የተቀበለው ሰው ሲከፍተው የእሱ ኮምፒውተር ጦርነቱን ከመጀመሪያ ጀምሮ እንደገና ያሰላዋል። ጌሙ ይንቀራፈፋል ያለው ልጅ ያቺን የተጎተተችበትን ጨዋታ ይላክ። ያው ቅጂ ያለው፣ የተሻለ ማሽን ያለው ጓደኛው ይክፈታትና አርባኛውን ደቂቃ ይይ። እዚያም ከተጎተተ ጥፋቱ የጌሙ ነው። እዚያ በደህና ከሄደ ደግሞ ያ ልጅ ይህን ጌም ገና አልተጫወተውም።